ዳገት በሌለበት አገር

ኩዌት፣ ጃብሪያ የሠራሁበት ቤት ሊፍት ነበረው። አሮጊት እናት ላይኛው ፎቅ የሚኖሩበት ቤት ያለ ሊፍት አይሆንም። እኔም የተቀጠርኩት ለእኒያ እናት፣ ለማዳም እናት ነበር። አነሣቸዋለሁ፣ አጥባቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣቸዋለሁ፤ አየር እንዲያገኙ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ሊፍቱ ውስጥ አስገብቼ ወደ ግቢ አወርዳቸዋለሁ። ጽዳቱንና የልብሱን ሥራ የምትሠራው ሌላ ልጅ ነበረች፤ ያገሬ ልጅ፣ ከእኔ በብዙ የምታንስ። ማዳም ሊፍቱን ለሁለታችንም ፈቅዳለች። ልጅቱ ግን አንድም ቀን ገብታበት አታውቅም።

የታጠበውን ልብስ በቅርጫት ተሸክማ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያው በእግሯ ጣቶች ብቻ እየረገጠች ትወጣለች። ስትወርድ መደገፊያውን ይዛ፣ እንደ እርጉዝ ሴት በዝግታ ነው። ማዳም ይህን ለእንግዶቿ እያነሣች ትሥቅ ነበር። «ሹፊ፣ እይማ፣ የእኔዋ ሊፍት ትፈራለች። ጫካ ውስጥ ነው ያደገችው።»

«እውነቷን ነው» አለችኝ ልጅቱ፣ ዐረብኛው ሲገባት። «ማለዳ ማለዳ፣ ከክለቡ ልጆች ጋር፣ ባሕር ዛፍ ውስጥ።»

የአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ሯጭ ነበረች። ክለቡ ትንሽ፣ ከተማውም ሩቅ ቢሆን፣ በሩጫ የምትተዳደር ሯጭ ነበረች። አባቷ ታሞ ልምምዱን ትታ ስታስታምም ቆየች፤ ስትመለስ ቦታዋ ተይዟል። ኩዌት የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። በመጣች በሁለተኛው ዓመት የድሮ አሰልጣኟ በስልኳ የድምፅ መልእክት ላከላት። ልብስ በምትተኩስበት ክፍል ደጋግማ ስላሰማችኝ እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ። «ከፋሲካ በኋላ ምልመላ አለ። ለአንድ ሺህ አምስት መቶ የምወስደው አንዲት ሴት ነው። ብቃትሽ ካለ ነይና ከልጆቹ ጋር አሮጥሻለሁ። ዘንድሮ ካመለጠሽ ግን ከርሞ በዕድሜ አይቀበሉልኝም። ብቃትሽ ከሌለም እንዳትደክሚ።»

ኮንትራቷ የሚያልቀው ፋሲካ ሲደርስ ነበር። ልክ ለእሷ የተቆረጠ ቀን ይመስል ነበር፤ እሷም እንደዚያ ነው ያመነችው።

እኔ ስለ ሩጫ የማውቀው አልነበረም። ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ልጅ በሚያሳድጉበት ዕድሜ ነው፤ በማታው ክፍል ደግሞ የስፖርት ትምህርት አይሰጥም። አሮጊቷ ሲያንቀላፉ ስለማነብ ልጅቱ «ቲቸር» ትለኛለች። አንድ ነገር ሲነገረኝ በደንብ ካልተነገረኝ ደስ አይለኝም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው እንድታስረዳኝ ጠየቅኳት።

«ምኑ ይብራራል? ይሮጣል በቃ።»

«መቶ ሜትርም ይሮጣል፤ ማራቶንም ይሮጣል።»

ካውያውን አቆመችና አየችኝ። «እኛ መሀል ነን» አለች። «የመቶ ሜትሯ ፍጥነት ይበቃታል፤ የማራቶኗ ትንፋሽ ይበቃታል። እኛን ሁለቱም ያስፈልጉናል፤ ሁለቱ ደግሞ አይስማሙም። አንዱን ስታሳድጊ ሌላው ይኮርፋል። ሥራው እነሱን ማስታረቅ ነው።» ቀጥላ ሦስተኛውን ዙር ነገረችኝ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ጎበዝ ነው፤ መጨረሻው ላይ ደወል ይደወላል፣ ሕዝቡ ይጮኻል። ሦስተኛው ዙር ላይ ደወል የለም፣ ጩኸት የለም፤ እግር ይከብዳል፤ ሰው ራሱን ማታለል የሚጀምረው እዚያ ነው። «ለሦስተኛው ዙር ነው ዓመቱን ሙሉ የምንለፋው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ የቤቱን ሥራ በእሷ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ኩዌት ዳገት የላትም፤ ደረጃው ዳገቷ ነበር። ስትወርድ የምትጠነቀቀው ጉልበት የሚያልቀው በመውረድ ስለሆነ ነው። ስትተኩስ የታጠፈ ፎጣ ላይ በአንድ እግሯ ትቆማለች፤ ቁርጭምጭሚቷ እየተንቀጠቀጠ የማዳምን ባል ነጭ ቀሚስ ያለ አንዲት መጨማደድ ታወጣለች። የግቢውን ንጣፍ ውኃ በመጥረጊያ ስትገፋ እርምጃዋን አስረዝማ፣ ጉልበቷን እስከ መሬት አውርዳ ነው። ማሽኑ ልብስ እስኪጨርስ በክርኖቿ ተደግፋ እንደ ሳንቃ ትዘረጋለች።

እንዲህ ስጽፈው የሚያምር ይመስላል። አያምርም ነበር። ከንጋት ጀምራ በእግሯ የቆመች ሰው ናት። ሯጭ የሚጠነክረው ሲተኛ እንደሆነ የነገረችኝ ራሷ ናት፤ በክለቡ ሳሉ ከምሳ በኋላ አሰልጣኙ በር ቆልፎ ያስተኛቸው ነበር። እዚህ በር ቆልፎ የሚያስተኛት አልነበረም።

ምድር ቤቱ ውስጥ የማዳም የመሮጫ ማሽን ነበር። ማንም ስለማይሮጥበት ዓባያ ይሰቀልበታል። ልጅቱ እንድጠይቅላት ለመነችኝና ለማዳም ነገርኩላት።

«ለምኗ ነው?» አለች ማዳም። «ከእሷ ላይ ምን ይቀነሳል? መሮጥ ያለብኝ እኔ!»

«ሯጭ ናት ማዳም። ላገሯ ውድድር ነው የምትዘጋጀው።»

«እህ፣ እናንተ ሁላችሁም ሯጭ ናችሁ» አለች፤ ቢሆንም ፈቀደች። የመጀመሪያው ቀን ለመሣቅ ወርዳ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እያጨበጨበች «ያላ! ያላ!» ትላት ነበር። ልጅቱ ፍጥነቱን እየጨመረች፣ እየጨመረች ሄደች። ማሽኑ መንጫጫት ሲጀምር የማዳም እጆች ቆሙ። ከዚያ በኋላ ዓባያዎቹ ማሽኑ ላይ መሰቀላቸው ቀረ።

ማሽኑ ለትንፋሽ ነው። ለፍጥነት መሬት ያስፈልጋል። መሬቱን ያገኘነው ራይ በሚባለው የመጋዘኖች ሰፈር ውስጥ ነው። ዓርብ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እንድንሄድ ይፈቀድልን ነበር። ከቅዳሴ ስንወጣ ሌሎቹ ሴቶች ወደ ገበያ ሲሄዱ እኛ በአውቶቡስ ወደ ራይ እንሄዳለን። በሌላው ቀን የዕቃ መኪና መተላለፊያ የሚያሳጣው ሰፈር ዓርብ ረፋድ ላይ ጭር ይላል። ከቤት ዕቃ መጋዘኖች አንዱን የሚዞር አስፋልት መረጠችና ርዝመቱን በልብስ ማስጫ ገመድ ለካሁት፤ በደንብ መለካቴን ለማረጋገጥ በሳምንቱ ዓርብ እንደገና ለካሁት። «አንቺ ሴትዮ፣ መንገዱን ልትገዢው ነው?» ብላ ሣቀችብኝ።

ነጠላዋን ለእኔ ሰጥታ፣ ረጅሙን ቀሚስ አውልቃ፣ ከሥር በለበሰችው ጥቁር ሱሪ ትሮጣለች። ዙሩን በፍጥነት፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ ከዚያ እንደገና በፍጥነት። የእኔ ሥራ ሰዓት መያዝና መሳደብ ነበር። አዎ፣ መሳደብ። አሰልጣኛቸው ሦስተኛው ዙር ላይ ይሰድባቸው ስለነበር ያለ ስድብ እግሯ እንደማይነሣላት ነገረችኝ። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ሰው ሰድቤ አላውቅም።

«ግዴለሽ!» ብዬ ጮኽኩ ስታልፈኝ።

በሚቀጥለው ዙር «ኃላፊነት የማይሰማሽ!» አልኳት።

ቆማ ጉልበቷን ይዛ ሣቀች። «ቲቸር፣ በናትሽ፣ ስድብሽ እኮ የፈተና ውጤት ይመስላል። ሰነፍ በይኝ፣ ደንባራ በይኝ፣ አህያ በይኝ!»

«አህያ» አልኳት በቀስታ።

«እሱንም በትሕትና!»

የደቂቃና የሴኮንዱን ነገር እዚህ አልደረድረውም፤ በዚያ የብርድ ወራት ሰዓቷ ከሳምንት ሳምንት እያነሰ መሄዱን ማወቅ ይበቃል። በገና ሰሞን ከክለቡ ከወጣችበት ጊዜ የተሻለች ነበረች። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ውስጥ ፍርሃት ነበረ።

ከዚያ ጾሙ መጣ። ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ የገቡበት ዓመት ነበር።

ምልመላው ከተሳካላት ብላ ሳይሆን እንዲሳካላት ብላ ለእመቤታችን ተስላለች፤ ሁዳዴን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብም ውኃም ሳትቀምስ ልትጾም። አገር ቤት ቢሆን ይህ የሚያስፈራ አይደለም፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ምስር አለ፣ ሽሮ አለ፣ ተልባ አለ። ጃብሪያ ግን ዘጠኝ ሰዓት ማለት ማዕድ ቤቱ ለረመዳን ማፍጠሪያ የሚጋጋልበት ሰዓት ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ጾመኛ ነው። ማዳም «አንቺ ክርስቲያን ነሽ፣ ክፍልሽ ገብተሽ ብዪ» ብላታለች፤ እውነቱን ለመናገር ክልከላ አልነበረም። የከለከላት ይሉኝታዋ ነው። የጾመ ሰው ፊት እያኘከች ማለፍ አልሆነላትም። ስለዚህ ፀሐይ እስክትጠልቅ ትጠብቃለች። ስትጠልቅ ደግሞ ገበታ ማቅረብ፣ ማንሣት፣ ማጠብ አለ። ያ ሁሉ አልፎ ስትቀመጥ የቀረው በግ፣ በቅቤ የተለወሰ ስንዴ፣ በሥጋ መረቅ የተሠራ ሾርባ ነው። እሷ ቴምርና ዳቦ በልታ ትነሣለች።

እኔም ጾመኛ ነበርኩ፤ ግን አሮጊቷ በሕመማቸው ምክንያት ስለማይጾሙ እሳቸው ክፍል ምስሬን በሰዓቱ እበላለሁ። «እዚህ መጥተሽ ብዪ፣ ማንም አያይሽም» እላታለሁ።

«እመቤቴ ታየኛለች።»

«ዘጠኝ ሰዓት አልፏል እኮ! ስለትሽም ይፈቅዳል።»

«ሰዎቹ ሳይበሉ አይወርድልኝም፣ ቲቸር። ተይኝ።»

ልምምዱን አልቀነሰችም። ማዳም፣ ሙባረክ አል-ከቢር በሚባለው ሰፈር የምትኖረው እኅቷ ግብዣ ስትደግስ ልጅቱን ታውሳት ነበር፤ ከዚያ በተመለሰችበት ቀን እንኳ ቅርጫቱን ተሸክማ በጣቶቿ ስትወጣ አየኋት። ፊቷ ጠቆረ፤ የአንገቷ አጥንት ወጣ። ማዳም ራሷ «ምን ሆነች? ሆድ ያማታል?» ብላ ጠየቀችኝ።

አንድ ጠዋት አንሶላ ስናጣጥፍ የወር አበባዋ መቅረቱን ነገረችኝ። እንደ ምሥራች ነው የነገረችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከገና ወዲህ አላየሁም። ገባሁበት ማለት ነው!»

«ምኑ ውስጥ?»

«ብቃቱ ውስጥ። ክለቡ ውስጥ እንደዚያ ነበር የምንለው። ያልቀረባት ልጅ ገና ወፍራም ናት፣ ገና አልሠራችም ይባላል። ትልልቆቹ ሯጮች ሲቀርባቸው ደስ ይላቸው ነበር።»

«አሰልጣኙ ነው እንደዚህ ያላችሁ?»

«ወንድ ምን ያውቃል? እኛው ነን ለእኛው።»

አንሶላውን ያዝኩት እንጂ አላጠፍኩትም። በማታው ክፍል ባዮሎጂ ስንማር ስለ አጥንት የተነገረንን ትንሽ ነገር አስታወስኩ። የቀረውን በስልኬ፣ በእንግሊዝኛ፣ ቃል ለቃል እየፈታሁ አነበብኩ። ያገኘሁት ግልጽ ነበር፤ ሰውነት የሚበላው ሲያንሰው መጀመሪያ የሚዘጋው ያንን በር ነው፤ በሩ ሲዘጋ አጥንት ይሳሳል። ባነበብኩት ልክ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት።

«መጽሐፍሽ ሮጦ ያውቃል?» አለችኝ።

«አጥንት ላይ አትቀልጂ።»

«ቲቸር፣ ሰዓቴን የያዝሽው አንቺ ነሽ። እየፈጠንኩ ነው ወይስ እየዘገየሁ?»

እየፈጠነች ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ እጇን ይዤ አባ ዘንድ ወሰድኳት። ስለት የሚያቀልል ካህን ነው፣ እኔ አይደለሁም። አባ እጃቸውን መስቀሉ ላይ አድርገው አዳመጡኝ።

«ታምመሻል እንዴ ልጄ?» አሏት።

«ኧረ ደኅና ነኝ አባ።»

«አባ፣ ሯጭ ናት» አልኩ። «ትሠራለች፣ ትሮጣለች፣ አትበላም።»

«መሮጥ በሽታ ነው እንዴ?» ብለው ፈገግ አሉ። ልጅቱም ሣቀች። «ለታመመ ይፈታለታል። ለደኅና ሰው ግን ስለት ስለት ነው። እመቤታችን ብርታቱን ሰጥታሻለች፣ በርቺ።» መስቀሉን አሳለሟት። ክፉ ሰው አልነበሩም። የጠየቋት አንድ ጥያቄ ነው፤ እሷም ያመነችውን መለሰች።

ረመዳን አለፈ፤ ዒድ ሆነ። ሁዳዴው ገና ነበር። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብላት ስለቻለች ጉልበት ያገኘች መሰላትና ልምምዱን ጨመረች። የግራ ቅልጥሟን ስታሻሽ ያየኋት ያኔ ነው። የምታሻሸው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ በአውራ ጣት የሚሸፈን። እኔ ስነካው እግሯን ነጠቀችኝ።

«ጡንቻ ነው» አለች።

«ጡንቻ እዚህ የለም። እዚህ አጥንት ነው።»

«ፋሲካ እስኪደርስ ጡንቻ ነው፣ እሺ? ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን በዪው።»

ራይ አልሄድም ብዬ ነበር። ሰዓት የሚይዝላት ከሌለ ትቀራለች ብዬ አሰብኩ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ግን ብቻዋን ወደ አውቶቡሱ ሄደች፤ ብቻዋን እዚያ ባዶ መንገድ ላይ እንዳትሆን ተከተልኳት። አቧራ የነሣበት ቀን ነበር፤ የመጋዘኖቹ ጣሪያ አይታይም። አፏን በነጠላ አስራ ሮጠች። ከመጋዘኑ ጀርባ ስትሰወር የእግሯን ድምፅ አዳምጣለሁ፤ አንዱ እግር ከሌላው ይልቅ ይከብድ ነበር። ሦስተኛው ዙር ላይ ስታልፈኝ «ስደቢኝ!» አለችኝ።

«አቁሚ!» አልኳት። «በቃሽ፣ አቁሚ!»

አላቆመችም። ዞረች። ድምፁ ከመጋዘኑ ጀርባ ጠፋ። ደረቅ እንጨት የተሰበረ መሰለኝ ብል እዋሻለሁ፤ ምንም አልሰማሁም። የእግሯ ድምፅ መቋረጡ ብቻ ነው። ሮጬ ስደርስ ግድግዳውን ተደግፋ በአንድ እግሯ ቆማለች፤ ፎጣው ላይ ቆማ እንደምትተኩሰው ሁሉ። አላለቀሰችም። «ሰዓቱን አቁመሽዋል?» አለችኝ።

ሆስፒታሉ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። ደውዬላት ማዳም ራሷ መጥታ፣ ነድታ ወሰደችን፤ መንገዱን ሙሉ በመሪው ላይ «መጅኑና፣ መጅኑና» ትል ነበር፣ እብድ እንደማለት፤ ግን ድምፅዋ እንደ ተጨነቀ ሰው ነው። ሐኪሙ የራጁን ፎቶ ብርሃን ላይ አድርጎ ስንጥቁን አሳየን፤ የድሮ ስንጥቅ ላይ አዲስ ስንጥቅ። ከዚያ በዐረብኛ ጠየቀኝና ተረጎምኩላት።

«የወር አበባሽ መቼ ነው የመጣው ይልሻል።»

መሬት መሬት አየች። «ከገና በፊት በይው።»

ሐኪሙ ምን ትበላ እንደነበረም ጠየቀ። እሱን ራሴ መለስኩ። «አጥንቷ ያሮጊት ነው» አለኝ። ይህንን አልተረጎምኩላትም፤ ዐረብኛው ግን ገብቷታል። ያዘዘላት ክኒን እኔ በየጠዋቱ ለማዳም እናት የምሰጠው ነው፤ ካርቶኑ ሳይቀር ያው ነው።

ልትወጣ ስትል እጄን ያዘች። «ከፋሲካ በኋላ መሮጥ እችላለሁ ወይ በይልኝ።»

ጠየቅኩት። ፋሲካ መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «ላ» ብሎ ራሱን ወዘወዘ፤ ወደ ሌላ በሽተኛ ዞረ።

አሰልጣኙ ጋ የደወልኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ድምፅ የላትም ነበር። ስልኩን በመሀላችን አልጋው ላይ አድርጌ አንድ በአንድ ነገርኩት። «እግዚአብሔር ይማራት» አለ። ወዲያው ደግሞ «በርቺ በያት» ብሎ ዘጋው። በርቺ የሚላት ሰው በዚያ ዓመት አልጠፋም።

ፋሲካ ዕለት ማዳም ሳንጠይቃት ዶሮ ገዝታ ሰጠችን። ልጅቱ በላች፤ ደኅና አድርጋ በላች። ምልመላው የሚደረግበት ቀን ጠዋት ልብስ መተኮሻው ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትተኩስ ነበር፤ ሰዓቱን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ አላነሣነውም። በዚያው ሳምንት ኮንትራቷን አደሰች። ማዳም ደስ አላት። እኔ ምን እንደተሰማኝ በደንብ ስለማላውቀው አልጽፈውም።

እግሯ ድኗል። የወር አበባዋም ተመልሷል፤ በለሆሳስ ነገረችኝ፣ እንደ መርዶ። ሐኪሙ መራመድም ደረጃ መውጣትም ፈቅዶላታል፤ ቀስ እያለች ሶምሶማም ልትጀምር እንደምትችል ነግሮኝ በግልጽ ተርጉሜላታለሁ። መሮጫው ማሽን ላይ ግን ዓባያዎቹ ተመልሰዋል፤ የሰቀለቻቸው እሷ ናት።

ትናንት አሮጊቷን ወደ ግቢ ላወርድ ሊፍቱን ስጠራ በሩ ሲከፈት ውስጥ ቆማ አገኘኋት፤ የልብስ ቅርጫቱን ወለሉ ላይ አድርጋ። የአሮጊቷን ወንበር አስገባሁና ሦስታችንም ወረድን። ፊቷ ወደ በሩ ነው። እግሮቿን አየሁ፤ በሙሉ ተረከዟ ቆማለች።

«እንዴት ቀርፋፋ ነው ይሄ ነገር» አለች።

ምድር ቤት ስንደርስ ቅርጫቷን አንሥታ ወጣች።